ባሕር ዳር ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቼዝ የሚጫወት ሰው ይገኛል?

የድሮ ፖሊ ሰፈር

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የባሕር ዳር ልጆች።

በጥቅምት ወደ ባሕር ዳር እመጣለሁ። ከተመቸኝ እዚያው ልቀመጥ አስቤያለሁ። አሁን የምኖረው በርሊን ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከተማው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቼዝ የሚጫወት ሰው የት አገኛለሁ? ደግሞስ ለልጆች የሚሆን ቦርድና ሰዓት ይዤ ልምጣ ብል ምን ዓይነቱ ይሻላል፣ ለማንስ ልስጥ?

ለምን እንደምጠይቅ ላስረዳችሁ።

ቼዝ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድምዓለም ነበር የምለው። እሱ የተማረው ፖሊ ቴክኒክ ነው። እንደምታውቁት ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተ ነው። በወንድሜ ጊዜ ገና ሩሲያውያን መምህራን ነበሩበት፤ ከሥራ በኋላ ቼዝ ይጫወታሉ። ከነሱ አንዱ አገሩ ሲመለስ አሮጌ የእንጨት ቦርዱን ለወንድሜ ትቶለት ሄደ። አንድ ጥቁር ፈረስ ጎድሎት ነበር። ወንድሜ ከዋንዛ እንጨት ጠርቦ ተካው። ከሌሎቹ ወፈር ያለ፣ አንድ ጆሮው የተሰበረ ፈረስ ነበር። እኔ ጥቁር ስይዝ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማወጣው እሱን ነው።

በሰዓት እላፊው ዘመን ማታ መውጣት የለም። እናታችን በሩን ትቀረቅርና ኩራዝ ታበራለች። እኛ ቁርበት ላይ ቁጭ ብለን እንጫወታለን። ውጪ ተኩስ ሲሰማ ወንድሜ ቀና እንኳ ሳይል "ተራው ያንተ ነው" ይለኛል። ዓይኔን ከቦርዱ እንዳላነሳ ብሎ መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ስኮላርሺፕ ደርሶኝ ሌኒንግራድ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ክረምት አንድ ዓረፍተ ነገር ሩሲያኛ አስተካክዬ መናገር አልችልም ነበር። ዶርም ኮሪደር ላይ ግን ማታ ማታ ቦርድ ይዘረጋል። ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ በእጁ ወንበሩን አሳየኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ስሜን የማያውቅ የፎቁ ተማሪ አልነበረም። እዚያ አገር ቼዝ በደረጃ ነው፤ ከአራተኛ ራዝሪያድ ተጀምሮ እስከ አንደኛ፣ ከዚያ የማስተር እጩ፣ ከዚያ ማስተር። እኔ አንደኛ ላይ ደርሻለሁ።

በ1986 እ.ኤ.አ. ካስፓሮቭና ካርፖቭ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጫወቱ ግማሹ ለንደን፣ ግማሹ ሌኒንግራድ ነበር። ካስፓሮቭ 17ኛውን፣ 18ኛውንና 19ኛውን ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ እኩል ሆኑ። 22ኛው ጨዋታ በአንድ ቀን አላለቀም። ያኔ ጨዋታው ካላለቀ ተራው የደረሰው ሰው ቀጣዩን ሙቭ ወረቀት ላይ ጽፎ ፖስታ ውስጥ ያሽጋል፤ ፖስታው በማግስቱ ነው የሚከፈተው። ትኬት አላገኘሁም። ግን የዚያን ሌሊት ዶርማችን ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም። በየክፍሉ ያው አቀማመጥ ተዘርግቶ "ፖስታው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?" ነው ክርክሩ። በማግስቱ ሲከፈት ፈረስን ዲ7 ወደሚባለው ቤት ማስኬድ ሆኖ ተገኘ። ካርፖቭ ብዙ ሳይቆይ እጅ ሰጠ። ካስፓሮቭ በመጨረሻ 12½ ለ11½ አሸነፈ። እኔ ያን ሌሊት ነው ቼዝ ዕድሜ ልኬን እንደማይለቀኝ ያወቅሁት።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ እጽፍለት ነበር። በደብዳቤም እንጫወታለን። ሙቩን የምንጽፈው በቁጥር ነው፤ መጀመሪያ ጠጠሩ የተነሳበት ቤት፣ ቀጥሎ የደረሰበት ቤት፤ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት መግፋት 5254 ይባላል፣ ፈረሱን ማውጣት 7163። እናታችን ይህን ስታይ ደነገጠች። "ደብዳቤ በሚፈተሽበት ዘመን ቁጥር እየጻፋችሁ ልታስፈጁኝ ነው?" አለች። ከዚያ በኋላ በየደብዳቤው ግርጌ "ከላይ ያለው ቁጥር የቼዝ ጨዋታ ነው" ብለን እንድንጽፍ አዘዘች። እስከ መጨረሻው ደብዳቤ ድረስ ጽፈናል፤ ደርግ ከወደቀም በኋላ።

ከሌኒንግራድ በርሊን ገባሁ። እዚህ ክለብ አለኝ። የቡድን ውድድር እሑድ እሑድ ነው፤ 8 ሰው በ8 ሰው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ አስተምረውኛል። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ተጫዋቾች ቦርዱን እንደገና ደርድረው "እዚህ ጋ ምን አስበህ ነበር?" እየተባባሉ ይመረምራሉ። ለኔ ከጨዋታው ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። ሰው ምን እንደፈራ፣ ምን እንደተመኘ የሚናገረው ያኔ ነው። በሩሲያኛም በጀርመንኛም አድርጌዋለሁ። በአማርኛ ግን ያደረግሁት ከወንድሜ ጋር ብቻ ነው። ኋላ ላይ በስልክ ነበር የምንጫወተው፤ እሱ "ኧረ በል! እዚህ ላይማ ቸኮልህ" ሲለኝ አንድ ሰዓት ያህል እንከራከራለን።

ወንድሜ አርፏል። የመጨረሻውን ጨዋታ እሱ ነው ያሸነፈኝ፣ በሚወደው በናይዶርፍ መከላከያ።

ስለ ናይዶርፍ አንድ ነገር ልበላችሁ። መከላከያው በስሙ የሚጠራው የቼዝ ተጫዋች ነው፤ ፖላንዳዊ አይሁዳዊ ነበር። በ1939 እ.ኤ.አ. ለቼዝ ኦሊምፒያድ ቦነስ አይረስ ሳለ ጦርነቱ ፈነዳ። እዚያው ቀረ። ቤተሰቡ ፖላንድ ነበር። በ1943 ሮዛሪዮ በምትባል ከተማ ቦርዱን ሳያይ፣ በጭንቅላቱ ብቻ፣ ከ40 ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ተጫወተ። ሪከርድ ከሆነ ወሬው አውሮፓ ይደርሳል፣ ቤተሰቤም በሕይወት መኖሬን ይሰማል ብሎ ነው። እነሱ ግን አልቀው ነበር። ከአገሩ ለራቀ ሰው ቼዝ ምን እንደሆነ ስጠየቅ የምናገረው ይህን ነው። ወንድሜም ታሪኩን ስለሚያውቅ ነበር ያን መከላከያ የሚወደው።

እንግዲህ የምፈልገው ይህ ነው፤ ተጫውተን ስንጨርስ በአማርኛ የሚከራከረኝ ሰው። ጎበዝ መሆን የለበትም።

---

የሽምብጥ ልጅ

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ ብዬ ልጀምር። ለወንድምዎ ነፍስ ይማር።

እውነቱን ልንገርዎ። "እዚህ ቤት ቼዝ አለ" ብዬ የምጠቁምዎ ቋሚ ቦታ የለኝም። ካፌ ውስጥ የሚያዩት ዳማ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ካርታ። የቼዝ ሰው ግን አለ። ተማሪዎቹ ጋ ነው ያለው። በዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢም ፔዳ ግቢም የሚጫወቱ ልጆች አውቃለሁ። አብዛኛው ስልኩ ላይ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በየስልካቸው እርስ በርስ ሲጫወቱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቦርድ ስለሌለ ነው እንጂ ፊት ለፊት መጫወት ጠልተው አይደለም።

ስለ ዕቃው፦ የሚያምር የእንጨት ቦርድ ይዘው አይምጡ። ይከብዳል፣ ከዚያ ሰው እንዳይበላሽ ብሎ ቁምሳጥን ላይ ያስቀምጠዋል። የሚጠቀለለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ይሻላል። ጉምሩክ ላይ እንዳይጉላሉ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ ከተቻለ ባትሪ የማይፈልግ ይሁን።

የከተማው ሁኔታ እንደሚሰሙት ነው። ሲመሽ መውጣት አይመከርም። ከሰዓት በኋላ ግን ሐይቁ ዳር ሰው አለ፤ ጥላው ሥር ሻይ እየጠጡ መጫወት ይቻላል። አዲሱን የዓባይ ድልድይም ያያሉ፤ እርስዎ ሲሄዱ አልነበረም።

---

ቶሮንቶ ነኝ

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ዛሬ ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ገብተህ በነፃ፣ ያለ ምንም ማስታወቂያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንኳ ተጋጣሚ ታገኛለህ። እኔ በየቀኑ እጫወታለሁ። ዕድሜያችን ሲገፋ ደግሞ ከወጣት ጋር ቁጭ ብሎ መጫወት ይከብዳል። ያሸንፉሃል፣ ትተወዋለህ። ለምን ራስህን ታደክማለህ?

---

የድሮ ፖሊ ሰፈር

የሽምብጥ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሰዓቱ መልስ አለኝ። ሌኒንግራድ የገዛሁት "ያንታር" የሚባል የሶቪየት ሰዓት አለኝ። ሁለት ፊት አለው፤ በጀርባው ይሞላል፤ ባትሪ አያውቅም። ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ትንሿ ቀይ ባንዲራ ቀስ እያለች ትነሳለች፣ ከዚያ ጠብ ትላለች። ዛሬም ይሠራል። እንደሱ ያሉ ያገለገሉ ሰዓቶች እዚህ ገበያ ላይ ይገኛሉ። እሱን ይዤ እመጣለሁ።

ቶሮንቶ፣ ሊቼስ ላይ እኔም አለሁ፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን እዚያ ጨዋታው ሲያልቅ ሰውየው ይጠፋል። ምን አስቦ እንደነበር አልጠይቀውም። ኮምፒውተሩ ስህተቴን በቀይ ቀለም ያሳየኛል። ለምን እንደተሳሳትኩ ግን አያውቅም። ወንድሜ ያውቅ ነበር። "ትላንት አልተኛህም አይደል?" ይለኝ ነበር፣ ከሙቩ አንብቦ።

ስለ ዕድሜ ያልከው ደግሞ አያስጨንቀኝ። የቼዝ ተጫዋቹን ኮርችኖይን ታውቀዋለህ። በ1976 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ከሶቪየት ኅብረት ከድቶ ቀረ። በ45 ዓመቱ አገሩን አጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጠመ፤ ሁለቱንም ተሸነፈ። አልተወም። በ2011 በ80 ዓመቱ የስዊዘርላንድ ሻምፒዮን ሆነ። ልጅ ቢያሸንፈኝ ደስ ይለኛል። እንዴት እንዳሸነፈኝ ቁጭ ብሎ ካሳየኝ ደግሞ ሻዩን የምከፍለው እኔ ነኝ።

---

የአያቴ ሰንጠረዥ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ስለ ቼዝ ስታወሩ ስለ ሰንጠረዥ ማንም ሳያነሳ ሲቀር ቅር አለኝ።

አገራችን ሰንጠረዥ የሚባል የራሷ ቼዝ አላት። ነገሥታቱና መኳንንቱ ለዘመናት ሲጫወቱት የኖሩት ነው። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ የለውም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በመስመር ብቻ 64 ቤት ይከፈላል። ንግሥት የለችም፤ በቦታዋ ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊሉ ደግሞ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ፈረሱና ደሩ (ቼዝ ላይ ግንቡ) ዛሬ እንደምታውቋቸው ናቸው።

ልዩ የሚያደርገው ግን ወረራው ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ የለም! ሁለቱም ጦራቸውን በየፈለጉት ፍጥነት ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን መደቅ (ወታደር) ወይም ሌላ ነገር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። ዓይንህ ከራስህ እጅ ይልቅ ባላጋራህ እጅ ላይ ነው።

አጨራረሱም ክብር አለው። በደር መግደል ለጎበዝ ተጫዋች አይመጥንም ይባላል። በመደቅ የገደለ ነው የሚወደሰው። ተመልካቹም ዝም አይልም፤ ከዳር ሆኖ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ይከራከራል። ወንድሜ፣ አንተ የናፈቀህ ክርክር ሰንጠረዥ ውስጥ የጨዋታው አካል ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ይሆናል፣ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ፕላውደን እዚህ አገር ተቀምጦ ይህንኑ ጽፏል።

እኔ የተማርኩት ከአያቴ ነው። ዛሬ የሚጫወተኝ ሰው የለኝም። አንተ ለቼዝ ሰው ትፈልጋለህ፣ እኔ ለሰንጠረዥ። እኔ ዘጌ ነኝ፤ በጀልባ መምጣት እችላለሁ። ጨርቁን ይዤ እመጣለሁ።

---

የሒሳብ መምህርት

ጋሼ፣ እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ለጥያቄዎ ቀጥተኛ መልስ ያለኝ ይመስለኛል።

ከክፍል በኋላ የሚቀሩ ልጆች አሉኝ። ቁጥራቸው አንድ ቀን ያንሳል፣ አንድ ቀን ይበዛል። አንድ ተማሪዬ ስልክ ላይ ቼዝ ለምዳ ለጓደኞቿ ማስተማር ጀመረች። ቦርድ ስላልነበራቸው የካርቶን ሳጥን ቀደው በእስክሪብቶ ቤቶቹን አሰመሩ። ጠጠሩ ቆርኪ ነው። የአንዱ ቢራ ቆርኪ ነጭ፣ የሌላው ጥቁር ሆነ። ከላዩ ላይ "ን"፣ "ፈ"፣ "ወ" ብለው በማርከር ጽፈውበታል። ማርከሩ በላብ ይለቃል፤ ስለዚህ ጨዋታው መሐል ላይ ወታደሩ ፈረስ ነው አይደለም ብለው ይጣላሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን ጠጠሩ ነው። ቦርዱን ካርቶን ላይም መሥራት ይቻላል። ትልልቁ፣ ንጉሡ 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው የውድድር መጠን ቢሆን ከኋላ ቆሞ የሚያየውም ልጅ ይታየዋል። ለማን ልስጥ ላሉት፣ ለአንድ ልጅ አይስጡ። ትምህርት ቤት በስጦታ ይመዝገብ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይሆን በልጆቹ እጅ ይዋል። ይህን እኔ እከታተላለሁ።

አንድ ነገር ግን ከዕቃው በላይ እፈልጋለሁ። ልጆቼ ሲሸነፉ ጠጠሩን በታትነው ይነሳሉ። እንደገና ደርድረው "ምን አስበህ ነበር?" መባባል አልለመዱም። እኔም እንዴት እንደማስጀምራቸው አላውቅም፤ እኔ ራሴ ጀማሪ ነኝ። ይህን እርስዎ ያስተምሩልኝ። በሒሳብ ክፍልም ትልቁ ችግሬ ይኸው ነው፤ መልሱን ይነግሩኛል፣ መንገዱን አይነግሩኝም።

---

የድሮ ፖሊ ሰፈር

መምህርት፣ ይህን ሳነብ ተነስቼ ክፍሉ ውስጥ ተመላለስኩ።

ለአጀማመሩ የኔ ወንድም ዘዴ ይኸውልሽ፤ እኔ እስክመጣ ሞክሩት። ጨዋታው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚናገረው ያሸነፈው ነው። ግን ስለ ድሉ አይናገርም። "የፈራሁት እዚህ ጋ ነበር" ብሎ አንድ ቦታ ማሳየት አለበት። የግድ ነው። የተሸነፈው ያን ጊዜ ጆሮውን ያቆማል፤ "እንዴ፣ ፈርተህ ነበር እንዴ?" ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም በሉ ብትያቸው እንኳ ዝም አይሉም። ወንድሜ እኔን አሸንፎ የፈራበትን ሳያሳየኝ ተኝቶ አያውቅም።

ጠጠሩን በውድድር መጠን፣ ሥሩ ክብደት ያለውን ነው የምገዛው። ቀላሉ ንፋስ ይጥለዋል፤ የጣናን የከሰዓት ንፋስ አልረሳሁም። የሚጠቀለለውን ምንጣፍም እጨምራለሁ፤ ካርቶኑ ግን አይጣል። ክለቤ ያሉ ጓደኞቼም እናዋጣለን ብለዋል። ስንት ስብስብ እንደሚሆን ሻንጣዬ ይወስናል።

የአያቴ ሰንጠረዥ፣ ወረራውን ከአንተ መማር እፈልጋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጀማሪ የምሆንበት ሰሌዳ አገሬ ውስጥ መኖሩ ደስ ብሎኛል። ቶሮንቶ፣ አንተም ስትመጣ ወንበር አለህ።

---

የሒሳብ መምህርት

ዛሬውኑ ሞከርነው። ካርቶኗን ያሰመረችው ልጅ አሸነፈች። "የፈራሁት እዚህ ጋ ነው" ብላ ቆርኪውን ስታሳየው ልጁ ተቀምጦ ቀረ። ዘበኛው መጥቶ እስኪያስወጣን ድረስ ሲከራከሩ ነበር።

የምንገናኘው ረቡዕ እና ዓርብ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ነው። ቦታውን በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ። የዘጌው አባት፣ ለእርስዎም እልካለሁ፤ የመጨረሻዋ ጀልባ ስንት ሰዓት እንደምትነሳ ይንገሩኝና በዚያው ልክ ቀደም ብለን እንጀምራለን።

---

የአያቴ ሰንጠረዥ

ዓርብ ይሻለኛል። ጀልባዋን ጠይቄ ማታ እጽፍልሻለሁ፣ እታለም።